ቅዳሜ የሚታጠበው ጨርቅ

ጨርቁ መዳፍ አያክልም። ጥቁር ነው፤ ከአሮጌ ሱሪ ገበር የተረፈ ቁራጭ። አፉን በላስቲክ ሰብስቤዋለሁ፣ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ባለሙያ መጥቶ ቢያገላብጠው እንከን አያወጣለትም። እንከኑ ከጨርቁ አይደለም፤ ከሰፊዋ ነው።

እኔ በቀላሉ የማፍር ሴት አይደለሁም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ በዚያ አፍሬ አላውቅም። ፊደሉንም ቁጥሩንም ራሴ ነኝ የለቀምኩት፤ ከክር ካርቶን ላይ፣ ከጋዜጣ ቅዳጅ ላይ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ። ሰው በሞላበት መንገድ ተንሸራትቼ ወድቄ፣ ተነስቼ፣ የሳቀውን ሰድቤ መንገዴን ቀጥያለሁ። በዚህች መዳፍ በማታክል ጨርቅ ግን አፈርኩ። እፍረቱም እንደ ጉንፋን በሳምንት የሚለቅ መስሎኝ ነበር፤ አልለቀቀም።

ሥራዬ የሞተር ሳይክል ወንበር ማልበስ ነው። ሸራውን እቆርጣለሁ፣ ስፖንጁን እሞላለሁ፣ እሰፋለሁ። መንገድ ዳር ባለችው የቤታችን የፊት ክፍል፣ ከበሩ በስተግራ የስፌት መኪናዬ ተቀምጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለችም። በስተቀኝ ድሮ የሸራ ጥቅል ነበር የሚከመረው። ከአራት ዓመት ወዲህ የልጄ ባል የሥራ ጠረጴዛ ነው። መካኒክ ነው። ሞተሩን እሱ ይፈታል፣ ወንበሩን እኔ አለብሳለሁ፤ አንድ ክፍል ሁለት ሙያ።

አማቼ ዝምተኛ ነው። ከአፉ ቃል ለማውጣት ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ እኔን ያናድደኛል። ዝም ያለ ሰው ወይ ንቆኛል ወይ ደደብ ነው እላለሁ፤ ሦስተኛ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በመጣ ዕለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ስምንት አሮጌ ሞተሮች አሉት፤ ቆጣሪ የሚያነቡ ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚዞሩባቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁሉም የታመሙት አንድ በሽታ ነው። ከወንበሩ ሥር የአየር ፊልትሮውን የሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን አለ፤ እሱ በእርጅና ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ አቧራ ይገባል። ሣጥኑ ደግሞ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው የለም አሉ።

አማቼ አገላብጦ አየና፣ «ሣጥኑ ይውጣ» አለ። «በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ክፍት ፊልትሮ አስራለሁ።»

ኃላፊው አሰበ። ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ነጭ ሸሚዙን የሚወድ ሰው ነው። «አንዱን ሥራ» አለ። «አንድ ወር ይነዳ። በወሩ መጨረሻ፣ ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ራሴ መጥቼ እስከ ውሃ ጋኑ ዳገት እወጣበታለሁ። ያለ ችግር ከወጣ ስምንቱም ያንተ ናቸው፣ የዓመት ሥራቸውም ያንተ ነው። ካልወጣ ሁሉንም ወደ ትልቁ ጋራዥ እወስዳለሁ።»

ለእኛ ይኼ ትንሽ ነገር አልነበረም። ያን ሰሞን በቀን አንድ ሞተር ቢመጣ ነው። የአማቼ ወንድም ሌላ ከተማ የእርሻ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ና እያለ መልእክት ይልካል። ስምንቱ ካልመጡ ልጄን ይዞ ሊሄድ ነው። እኔን «አብረሽን ነይ» ብለውኛል። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠች የስፌት መኪና ተነቅላ የት ትሄዳለች?

ሣጥኑ ወጣ፤ በቦታው የሾጣጣ ቅርጽ ያለው፣ ቡጢ የሚያክል ፊልትሮ በብረት ቀለበት ታሰረ። አማቼ ለልጄ ሲያስረዳት ከመኪናዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ካርቡሬተር ማለት አየርና ቤንዚን የሚያደባልቅ ዕቃ ነው። በአጭሩ ሊጥ አቡኪ ነው፤ ይኼን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ዱቄቱ አየር ነው፣ ውሃው ቤንዚን። አየር ሲበዛበት ሞተሩ ይግላል፣ ወደ ኋላ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ያስላል፤ እሳት የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሲፈታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቤንዚን ሲበዛበት ጥቁር ያጨሳል፣ ይታፈናል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ልክ ሲሆን ካንዴላው ቡኒ ነው፣ እንደ ብስኩት። ቤንዚኑን የሚለካው ደግሞ በካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለች፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ የናስ ፍሬ ናት፤ ጄት ይሏታል። ሣጥኑ ሲወጣ አየር በዛ፤ ስለዚህ ቀዳዳዋ ሰፋ ያለች ጄት ትገባለች። አማቼ ጄቶቹን በከረሜላ ቆርቆሮ ሞልቷቸዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሞተሩ አሳለ። ሰፋ ያለች ጄት አስገባ፣ ዳገቱን ወጣበት፣ ተመለሰ፣ ካንዴላውን ፈታ። ቡኒ። ልጄ አጨበጨበች።

ሥራው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ዝም ብል ኖሮ።

ተነስቼ ሄድኩና ያንን ሾጣጣ አየሁት። «ይኼ ነገር አፉን ከፍቶ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«ፊልትሮ እኮ ነው እማማ» አለኝ። «ራሱ ያጣራል።»

«አቧራውን?»

«አዎ፣ አቧራውን።»

«ከዚህ መንገድ አቧራ ጋር ሠላሳ ዓመት ስታገል የኖርኩ ሴት ነኝ። አቧራን ለእኔ ታስተምረኛለህ?»

ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስከ ማግስቱ አልረሳኋትም።

እሁድ ከሰዓት እሱ ጋደም ሲል ጨርቁን ሰፋሁ። እንደ ሱሪ ኪስ አድርጌ፣ በፊልትሮው ውስጥ ልክክ የሚል። ጥቁሩን የመረጥኩት ፊልትሮውም ጥቁር ስለሆነ ነው። ሰፍቼ ስጨርስ አፍንጫዬና አፌ ላይ ለጥፌ ተነፈስኩበት፤ እንደ ልብ ይተነፈሳል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከተነፈስኩበት ብረት ምን ይሆናል አልኩ። በካቻቢቴ ቀለበቱን አላላሁ፣ ጨርቄን ከተትኩ፣ አጠበቅኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር «አያስፈልግም እማማ» ሊለኝ ነው። ሳልናገር ግን፣ በወሩ መጨረሻ ጨርቁን አውጥቼ አቧራውን ፊቱ ላይ አራግፋለሁ፤ «ያልከኝ ፊልትሮ ይኸው!» እለዋለሁ። ይኼ ነበር ሐሳቤ። ደግነት ነበር ብል ውሸት ነው።

ሰኞ ጠዋት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ሞተሩን ወሰደ። ቀልደኛ ነው፣ እኛ ቆጣሪው ነው የምንለው። ቀን ቀን ይዞርበታል፣ ማታ ማታ እኛ ጋ ያሳድረዋል። እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሰ።

«እማማ፣ ይኼ ሞተር ሲጋራ ጀምሯል!» አለ ገና ከበሩ። «ጥቁር ጭስ ነው የሚያጨሰው። አንዲት ሴትዮ ልብሴን አጠቆርክብኝ ብላ በጫማ አባረረችኝ።»

አማቼ ካንዴላውን ፈታ። ጥቁር። ቅዳሜ ቡኒ የነበረ ካንዴላ! ጄቷን በጠበበችው ቀየረ። እስከ ረቡዕ ሲያስተካክል ቆየ፤ ተስተካከለ። ዓርብ ሞተሩ እንደ ሰዓት ሄደ።

ቅዳሜ የእኔ የልብስ ቀን ነው። በዚህ ቤት ጨርቅ የሆነ ነገር ሁሉ ቅዳሜ ይታጠባል፤ መጋረጃውም፣ የእሱ የግራሶ ልብስም፣ የመኪናዬ መሸፈኛም። ማለዳ ተነስቼ ያቺን ጨርቅም አወጣኋት። ጥቂት ቢጫ ብናኝ ይዛለች፤ ደስ አለኝ። አጥቤ ከካልሲዎቹ መሐል ሰቀልኳት። እሁድ ከሰዓት፣ እሱ ጋደም ሲል፣ መለስኳት።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት አማቼ ለማረጋገጥ ዳገቱን ሞከረው። ሞተሩ አሳለ፣ ተፋ። ካንዴላው ነጭ። ፊቱ ራሱ እንደ ካንዴላው ነጣ። ሰፊዋን ጄት መለሰ፣ ቡኒ ሆነ። ሰኞ ቆጣሪው ከጭሱ ጋር መጣ።

እንዲህ ሲሆን ከረመ። ያ ሰው ካርቡሬተሩን ስንት ጊዜ እንደፈታ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ፊት ለፊቱ ነው የተቀመጥኩት። ተንሳፋፊውን አየ፣ መርፌዋን አየ፣ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋ፣ አየር በጎን ይገባ እንደሆን ብሎ የመጋጠሚያውን ጎማ ቀየረ። ፊልትሮውን ግን ፈቶ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ አዲስ ነዋ። አዲስ ነገር ማን ይጠረጥራል? ቆጣሪው «ሰኞ አህያ፣ ሐሙስ ፈረስ፤ ምን ዓይነት እንስሳ ነው ያስረከብከኝ?» ይለዋል። አማቼ እንደገና ካቻቢቴውን ያነሳል።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። የማፍረው በጨርቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኼን ባልጻፍኩ።

«አራት ብሎን ያላትን ዕቃ ሦስት ሳምንት!» እላለሁ፣ ሰው ሲገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ቀዳዳ ሲያሰፋ ሲያጠብ የሚውል ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ልጄ «እማዬ!» ትለኛለች። «ምን አልኩ?» እላለሁ። አንድ ቀን አንድ ዳቦ አመላላሽ ወንበሩን ሊያለብስ መጣና በዚያው ካርቡሬተሩን ለአማቼ ሊያሳይ አሰበ። «ወንበርህን ለእኔ ተው» አልኩት፤ «ካርቡሬተርህን ግን ሌላ ጋ ውሰደው። እዚህ ቤት ሰኞና ቅዳሜን የሚለይ መካኒክ የለም።» ሰውየው ሳቀ፤ ሞተሩን ይዞ ሄደ። አማቼ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ማጅራቱ ሲቀላ አየሁ። እሰይ፣ ሰማ አልኩ።

ምላስ አጥንት የለው፣ አጥንት ይሰብራል የሚባለውን እኔም ለሰው ስናገረው ኖሬያለሁ።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አማቼ በጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ቀኑን፣ የጄቷን ቁጥር፣ የካንዴላውን መልክ። ያ ግድግዳ ባለፈው ዓመት አረንጓዴ ያስቀባሁት ነው። «ግድግዳዬን ሰሌዳ አደረግኸው!» ብዬ ጮህኩበት። «አጠፋዋለሁ እማማ፣ ሲያልቅ» አለኝ፤ መጻፉንም ቀጠለ።

የመጨረሻው ሳምንት መጣ። ሰኞ ሞተሩ እንደ ልማዱ አጨሰ። ማክሰኞ ከልጄ ጋር ዘመድ ልንጠይቅ ወጥተን፣ ስንመለስ አማቼ እጁን ታጥቦ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ልጄን ወደ ጓሮ ጠራትና አንሾካሾኩ። ረቡዕ ቆጣሪው ከዳገቱ ሲመለስ «ዛሬስ ክንፍ አብቅሏል!» አለ። ምሳ ላይ አማቼ ውሃ ሲቀዳልኝ ድንገት፣ «እማማ፣ የእርስዎ ስፌት እኮ ያምራል» አለኝ።

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ዛሬ ምላስ ገዛህ?» አልኩት። ልጄ ሳቋን በጉርሻ አፈነችው። ምን ያስቃታል ብዬ አላሰብኩም።

ከምሳ በኋላ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ክር አለቀብኝና ለማጠንጠን ቀና ስል ዓይኔ ያ ግድግዳ ላይ አረፈ። ሥራ ፈትቶ የሚያይ ዓይን ያነባል፤ አነበብኩት። ቅዳሜ፣ ነጭ። ሰኞ፣ ጥቁር። ቅዳሜ፣ ነጭ። ሰኞ፣ ጥቁር። ቅዳሜ፣ ነጭ። ሰኞ፣ ጥቁር።

ቅዳሜ።

እጄ ከመኪናው እጀታ ላይ ቀረ። በመስኮቱ የልብስ መስቀያው ገመድ ይታያል፤ ባዶውን በነፋስ ይወዛወዛል። ቅዳሜ ጨርቄ ገመድ ላይ ናት፤ አየሩ ይበዛል፤ ነጭ። ሰኞ ጨርቄ ፊልትሮው ውስጥ ናት፤ አየሩ ይታፈናል፤ ጥቁር። አማቼ ሦስት ሳምንት ሲታገል የኖረው ከካርቡሬተር ጋር አልነበረም። ከልብስ አጣቢ ጋር ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ እኔስ የራሴን አሳርሬ የሰውየውንም ድስት ነው የደፋሁት።

ጆሮዬ ነደደ። ከጆሮዬ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ደረቴ ወረደ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ ቀላሁ፤ ደግነቱ የሚያየኝ አልነበረም።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አማቼ እዚያው ጓሮ ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ «እኔ ነኝ»። ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ዳቦ አመላላሹ ትዝ ይለኛል፤ የአማቼ ማጅራት ትዝ ይለኛል፤ አፌ ይዘጋል። ለስድብ የሚከፈተው አፍ ሌላ ነው መሰለኝ። በመጨረሻ ራሴን አታለልኩ። ጨርቁን ማውጣት ብቻ ነው አልኩ። ጨርቁ ሲወጣ በሽታው ይወጣል፤ ነገ ዳገቱን ይወጣል፤ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል።

ሐሙስ ማለዳ፣ ማንም ሳይነሳ፣ ቀለበቱን አላላሁ፣ ጨርቄን አወጣሁ፣ ጡቴ ሥር ወሸቅኩ። ሊጥ አውቃለሁ ያልኩት ሴትዮ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ዱቄቱን ስጨምር ውሃው ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ኃላፊው በሦስት ሰዓት መጣ። ነጭ ሸሚዝ። ቆጣሪው አብሮት ነበር። ዳቦ አመላላሹም የወንበሩን ልብስ ሊወስድ መጥቶ፣ ወሬ ሲያሸተው ቁጭ አለ።

«ተዘጋጅቷል?» አለ ኃላፊው።

«ተዘጋጅቷል» አለ አማቼ። ድምፁ ደልደል ያለ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ሲናገር አልሰማሁም።

ኃላፊው አስነሳ፣ ሄደ። እኛ ደጃፍ ላይ ቆመን እናዳምጣለን። ሜዳው ላይ ድምፁ ጥሩ ነው። ጥጉን ዞረ፤ ጥሩ ነው። ዳገቱን ያዘ። ነዳጅ ሲሰጠው ተሰማኝ፤ ከዚያ ፓፍ አለ። ፓፍ፣ ፓፍ። ሳል ጀመረው። አማቼ ራሱን ቀና አደረገ። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ።

አንዲት ዶሮ መንገዱን ስታቋርጥ የእግሯ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ኃላፊው ሞተሩን እየገፋ ወረደ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ እጅጌው ላይ ግራሶ ነክቶታል። ጎረቤት ሁሉ በበሩ ወጥቶ ያያል።

«ትናንት እኮ ፈረስ ነበር! በእናቴ ስም!» አለ ቆጣሪው።

አማቼ ካንዴላውን ፈታ። ነጭ፣ እንደ ጠመኔው። ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ አልሄደም። በቀጥታ የፊልትሮውን ቀለበት አላላና ሁለት ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። ጣቶቹ እዚያ ውስጥ ቆዩ። ምን እንደሚፈልጉ እኔ አውቃለሁ። ምን እንዳጡም አውቃለሁ።

ያውቅ ነበር። ጨርቁን አግኝቶት ነበር።

አላየኝም። ሆን ብሎ ነው ያላየኝ፤ አንገቱን ያዞረው ወደ ሌላ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ለኃላፊው። «ጄቷን አሳንሻት ነበር።»

«ሣጥን የሌለውን ሞተር ጄት ለምን ታሳንሳለህ?»

አማቼ ዝም አለ። ያ ዝምታ ንቀት አልነበረም፣ ድድብናም አልነበረም። ሦስተኛ ነገር አለ ለካ።

«አንድ ወር ሰጥቼህ ነበር» አለ ኃላፊው፣ እጁን በመሀረብ እየጠረገ። «ነገ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ።» ቦርሳውን አነሳ።

ከፊቱ ቆምኩ። «ስማ ልጄ፣ ቁም» አልኩት።

«እናቴ፣ ቸኩያለሁ።»

«እኔ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ካንተ ይልቅ የምቸኩለው እኔ ነኝ። ቁም።» እጄን ጡቴ ሥር ከትቼ ጨርቁን አወጣሁ። ሞቅ ብሎ ነበር። በሁሉም ፊት ዘረጋሁት። «ጥፋቱ ይኼ ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ፊልትሮው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ በየቅዳሜው አውጥቼ ያጠብኩት፣ በየእሁዱ የመለስኩት፣ ዛሬ ማለዳ ደግሞ እንደ ሌባ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ጄቷን ያሳነሳት ጨርቁ አለ ብሎ ነው።»

ቀድሞ የሳቀው ቆጣሪው ነው። «እማማ ሞተሩን ሙታንታ አለበሱት!» ዳቦ አመላላሹም ሳቀ። ጎረቤቱም ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእያንዳንዳቸው የድርሻቸውን እሰጥ ነበር። ጨርቁን እንደዘረጋሁ ቆሜ ሳቁን ተቀበልኩት።

ወደ ዳቦ አመላላሹ ዞርኩ። «አንተም ስማ። ያን ቀን ሌላ ጋ ውሰደው ያልኩህ፣ አፌ በስብሶ ነው። ሞተርህን መልሰህ አምጣ።» መሳቁን አቆመ።

ኃላፊው አልሳቀም። «ይኼን እሱን ለማዳን የሚሉት አይደለም?» አለኝ።

«ለማዳን ብዋሽ እንዲህ ያለ ውሸት እመርጣለሁ? ና፣ አንብብ።» እጅጌውን ይዤ ወደ ግድግዳው አመጣሁት። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቅዳሜ፣ ነጭ። ሰኞ፣ ጥቁር። ሦስት ሳምንት። አንድም ጊዜ አልተዛነፈም።

«ማነው የጻፈው?»

«እሱ ነው። እኔ ግድግዳዬን አበላሸህ እያልኩ ስጮህበት።»

ወደ አማቼ ዞረ። «ጨርቁን መቼ አገኘኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ለምን አልጣልከውም?»

አማቼ መሬት መሬት አየ። «ይሠራል» አለ። «አየሩን ልክ እንደ ድሮው ሣጥን ነው የሚመጥነው። እሱ ካለ ፋብሪካው ያስገባት ጄት ራሷ ትበቃለች፤ መቀየር አያስፈልግም። ደግሞ…» ቆመ። «ደግሞ የእማማ ስፌት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላሉ። እኔ መሬት እንድትውጠኝ አልተመኘሁም፤ ቀላል ነው፣ ትውጥሃለች፣ ያልፋል። የተመኘሁት ያን ሰው ቀና ብዬ ማየት እንድችል ነው። አልቻልኩም።

ጨርቁን ከእጄ ወሰደ፣ አስገባ፣ ቀለበቱን አጠበቀ፣ የቀዘቀዘውን ሞተር አስነሳ። ኃላፊው እንደገና ወጣ። ዳገቱ ላይ ድምፁ እየቀጠነ እየራቀ ሄደ፤ አልተቆረጠም። ሲመለስ ተቀምጦበት ነው የመጣው።

«አንድ ሳምንት እጨምራለሁ» አለ። «ከሆነ መጀመሪያ ሦስቱን አመጣለሁ። ስለ ቀሩት ከዚያ በኋላ እናያለን።» ስምንት አላለም፤ ሸሚዙን ሲያይ ገና ተናዷል። መውጫው ላይ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናቴ፣ እባክዎ፣ እንዳያጥቡት» አለ።

ከሰዓት ልጄ ጓሮ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። «ማክሰኞ ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኛል። እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች አለኝ።» ሳህኑን አስቀመጠች። «እኔ እንኳ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር እማዬ። እውነቱን ልንገርሽ፤ አንድ ቀን ስታፍሪ ማየት ፈልጌ ነበር።»

«አየሽ?»

«አየሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ደስ አይልም።»

ሳምንቱ አለፈ። ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ እጄ ወደ ሞተሩ ሄደና መለስኩት። ሐሙስ ሦስት ሞተሮች መጡ። አማቼ ሦስት አዳዲስ ፊልትሮ አምጥቶ መኪናዬ ላይ ደረደራቸው። የሚፈልገውን አልተናገረም፤ ገባኝ። ጥቁሩን ገበር አወጣሁ፣ መቀስ ያዝኩ፣ ከዚያ አስቀመጥኩት።

«ስፋቱ ስንት ይሁን?» አልኩት። አራት ዓመት ስንኖር መልሱን ፈልጌ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

«እንደ መጀመሪያው ነው እማማ።»

«የመጀመሪያውን በጥጋብ ነው የሰፋሁት። ለካልኝ።»

ሜትሩን ከአንገቴ ላይ ወስዶ ለካ፣ ቁጥሩን ነገረኝ፤ ቆረጥኩ። ዓይኔን ከመቀሱ ሳላነሳ «ይቅር በለኝ» አልኩት። ካጠፋሁት ጋር ሲተያይ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። እሱም «ምን አጠፉ» አላለኝም፤ ቢለኝ ውሸት ይሆን ነበር። «እሺ እማማ» አለ፣ ብቻ።

ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጠመኔውን ሊያጠፋ ነው፤ ሲያልቅ አጠፋዋለሁ ብሎኝ የለ።

«ተወው» አልኩት።

«ግድግዳዎን አበላሸሁት እኮ።»

«ግድግዳው የእኔ ነው» አልኩ። «የተጻፈውም የእኔ ነው። ተወው።»